ሶብርና ተወኩል በእንሰት ጓሮ
(በአታት ለየቲም ቤተሰቦችና ለረዳቶቻቸው ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

 



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሶብርና ተወኩል ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንደበታችን አይለዩም። ሰው ሲሞት «ሶብር አድርጉ» እንላለን፤ ገንዘብ ሲያጥር «ተወኩል ይኑርህ» እንላለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን የምንለው ከችግረኛው ፊት ቶሎ ለመነሣት ነው። አራት ልጆች ይዛ ለቀረች እናት «ሶብር አድርጊ» ብሎ ጫማን አጥልቆ መውጣት ለተናጋሪው ምን ይከብደዋል? እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ሶብር አይደለም።

አታት ላይ ቆሞ ስለ ትዕግሥት ለማስተማር ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። እያንዳንዳችን ከቤታችን ጓሮ የቆመ መምህር አለን፤ እርሱም እንሰት ነው። ጤፍ የዘራ ሰው በወራት ውስጥ ያጭዳል። እንሰት የተከለ ግን አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይጠብቃል። ከአምቾው የፈላው ችግኝ በበቀለበት አይተውም፤ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ሲጠነክር ደግሞ እንደገና ይዛወራል። በየጊዜው ፍግ ይደረግለታል፤ ይኰተኰታል። ሲደርስም ሥራው አላለቀም። ወንዱ ይነቅለዋል፤ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ቆጮ እስኪሆን ድረስ ሌላ ጥበቃ ይጀመራል። የፋቀችው እናት ክንዷ እስኪዝል ሠርታ፣ የልፋቷን ፍሬ አፈር ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች። ሶብር ማለት ይህ ነው፤ ሥራው ካልተቋረጠ በቀር ጥበቃው ሥራ ፈትነት አይባልም።

በዕድሜ የገፋችሁ አባቶች የ1977ቱን ድርቅ ታስታውሳላችሁ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እጅግ ብዙ ወገን በረኃብ ሲያልቅ፣ የእንሰት አገር በአንጻሩ ክፉውን ቀን ተሻገረ። ያ እንሰት ግን በ1977 የተተከለ አልነበረም። ሰማዩ ገና ሳይነጥፍ፣ ጎተራው ሙሉ በነበረበት ጊዜ ያጎነበሱ ሰዎች የተከሉት ነው።

ተወኩልን በተመለከተም ጓሮው የሚነግረን አለ። እንሰት ጠላት አለው፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ በገባበት ጓሮ የዓመታት ልፋት በአጭር ጊዜ ይጠወልጋል። መድኃኒት የለውም። ገበሬው የታመመውን ነቅሎ ያስወግዳል፤ የነካበትን ቢላዋ በእሳት ይለበልባል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለአላህ ይሰጣል። «ከአላህ የመጣ ነው» ብሎ በዚያው ቢላዋ ወደ ጤነኛው የሚሻገር ሰው ተወኩል አለው አንለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ እንዲመካ ለጠየቃቸው ሰው በቅድሚያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። እዚሁ አታት ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ ውስጥ ያሉትንም ተመልከቱ። መውለጃዋ የተቃረበ፣ ሐኪም የሚያሰጋት እናት ከሩቅ መንደር አስቀድማ መጥታ ቀኗን እዚያ ትጠብቃለች። ቤቷን ትታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው። ነፍሷም የልጇም ነፍስ በአላህ እጅ መሆኑን ስለምታውቅ ከመምጣት አልቀረችም።

አሁን ወደ የቲሞች ጉዳይ ልግባ። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት ብትኖርም። ከሰሐቦች ታሪክ ለእኛ ለሐበሾች እጅግ የሚቀርበንን ልጥቀስ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት የሙሃጂሮች አፈ ጉባኤ የነበሩት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው በዚህችው በሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ተሰዉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርዶውን ይዘው ወደ ቤቷ ሲመጡ አስማእ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ነበር። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አቀረሩ። ነገሩ ገባት። ጮኸች፤ ሴቶችም ተሰበሰቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ሐዘኑ ስለያዛቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቹን አስጠሩ፤ እንደ ጫጩት ተሰብስበው ቀረቡ፤ ጠጉር አስተካካይ ተጠርቶ ጠጉራቸው ተላጨ። እናቲቱ ስለ የቲምነታቸው ባነሣች ጊዜ፣ በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ እንዴት ድህነትን እንደምትፈራላቸው ጠየቋት። ለዐብዱላህም በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ያ በሐበሻ የተወለደ የቲም አድጎ በልግስናው ስሙ የተነሣ ሰው ሆነ።

ልብ በሉ፤ አስማእ አልቅሳለች። ሶብር አላለቅስም ማለት አይደለም። ደግሞም አስተውሉ፤ ምግቡ የሄደው ወደ የቲሞቹ ቤት ነው እንጂ ከየቲሞቹ ቤት አልወጣም። እዚህ ላይ በቁም ነገር የምናገረው አለኝ። አባት ሲሞት ጓሮው ውስጥ የቆመው እንሰት የማን ነው? ለሚስት ስምንተኛው ድርሻዋ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው የእነዚያ ትንንሽ ልጆች ሀብት ነው፤ የሴቶቹም ጭምር። ሴት ልጅ ከአባቷ አትወርስም የሚለው አነጋገር ከባሕል እንጂ ከዲን አልመጣም። ታዲያ ለቀስተኛን ለማብላት ተብሎ ከዚያ ጓሮ የሚነቀለው እንሰት፣ የሚታረደው በሬ፣ በማን ፈቃድ ነው? የቲሙ ገና ሕፃን ነው፤ ፈቃድ መስጠት አይችልም። አላህ በሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው የሚያስገቡት እሳት መሆኑን አስጠንቅቋል። ሦስት ዓመት የሆነው እንሰት ቢነቀል የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ሦስት ዓመት ቢቆይለት ግን ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ቤቱን ይቀልባል። አጎቶች ሆይ፤ የምትነቅሉት የእንሰት ግንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ለበጎ አድራጊዎችም አንድ ቃል። አንዳንዶቻችሁ በዐረፋ ሰሞን ከመርካቶ ትመጣላችሁ፤ አንድ የቲም ትይዛላችሁ፤ በዓመቱ መጥታችሁ ውጤቱን ትጠይቃላችሁ። ልጁ ደረጃ ካልወጣ እጃችሁ ይሰበሰባል። በመምህርነት ዘመኔ ከድህነቱ ይልቅ ልጅን የሚሰብረው በመካከል የተቋረጠ ድጋፍ መሆኑን አይቻለሁ፤ ደብተር የለመደ ልጅ ደብተር ሲያጣ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አባት ያለው፣ መብራት ያለው፣ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ በወደቀበት ፈተና የቲሙን ለብቻው ጥፋተኛ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። እንሰት ተክሎ በሁለተኛው ዓመት «ለምን አልደረሰም?» ብሎ የሚነቅል ገበሬ በዚህ አገር አላየሁም።

በሱረቱ ኒሳእ የቲሞችን የሚመለከተው ሕግ ሲወርድ፣ አሳዳጊው ሀብታም ከሆነ ከየቲሙ ገንዘብ እንዲቆጠብ፣ ድኻ ከሆነ በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ ልጁም አድጎ ማስተዋሉ ሲረጋገጥ ገንዘቡ በምስክር ፊት እንዲመለስለት ታዟል። ምስክር የተፈለገው ሰው ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ዓመታት ሲረዝሙ አደራ ስለሚደበዝዝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት የምጠይቃችሁ አለ። በየመንደራችሁ የየቲሙ ጓሮ ስንት ሥር እንሰት እንዳለው፣ ስንቱ ችግኝ፣ ስንቱ የደረሰ እንደሆነ ይቆጠር፤ መሬቱና ከብቱም እንዲሁ። እናቲቱ፣ አጎቱና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በመስጂዱ፣ አንዱ በእናቲቱ እጅ ይቀመጥ። ለመፈረም የማይችል በጣቱ ያትም። የሚመጣው ዐረፋ ሳይደርስ ቢጠናቀቅ መልካም ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ጓሮው ይሳሳልና። ደብተር የያዙት ወጣቶች በስተግራ በኩል ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ እናቶች ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ወስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።