ነርስና የበሽተኛው የቆዳ ቀለም
(ለከተማው ሕዝብና ለሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ብዙ ሰው ነርስን የሐኪም መልእክተኛ ብቻ አድርጎ ይገምታታል። ሐኪሙ ግን በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከአልጋው አጠገብ የምታድረው እርሷ ናት። ይህም ቆዳው ጥቁር ለሆነ በሽተኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን በአሜሪካ አገር ምሳሌ ላስረዳ እወዳለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ2023 በዚያ አገር በሕይወት ከተወለዱ በየ100,000 ሕፃናት አንጻር፥ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፥ ነጭ እናቶች 14.5 ነበሩ። ድኽነት ያመጣው ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ጥቁር እናቶች ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሱት ነጮች ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ በ2019 የወጣ የመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጥናት ገልጿል። «አመመኝ» ሲሉ ሰሚ ማጣታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

መሣሪያውም ቢሆን አያዳላም ማለት አይቻልም። በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው መሣሪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ የቆዳ ጥቁረት ያሳስተዋል። በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባለ ጊዜ፥ በእውነቱ ኦክሲጅኑ ከ88 በመቶ በታች ወርዶ የተገኘው በነጮች ዘንድ 3.6፥ በጥቁሮች ዘንድ ግን 11.7 በመቶ ነበር። ብልኅ ነርስ በቁጥሩ ብቻ አትረጋም፤ ትንፋሹን ትቈጥራለች፥ የከንፈሩን ውስጥና መዳፉን ታያለች። ብዙ የተኛ በሽተኛ ጀርባው ሊቈስል ሲል በነጭ ቆዳ ላይ የሚታየው መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ ስለማይጎላ፥ በእጇ ዳስሳ ሙቀቱንና መጠንከሩን ትለያለች።

ይህ ሙያ ለጥቁር ሴቶች በቀላሉ አልተከፈተም። ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ በቦስተን የተመረቀችው በ1879 ሲሆን፥ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጥቁር ነርሶችን ያለ ገደብ ለመቀበል የተስማማው፥ ሜብል ስቶፐርስ ብዙ ከተከራከረች በኋላ፥ በ1945 ነው።

ነገሬ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን አንድ መራራ ነገር ልጨምር። በአላባማ ክፍለ አገር፥ በተስኪጊ አካባቢ፥ ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ተገቢው መድኃኒት ተከልክሏቸው በሽታቸው ብቻ ይጠና ነበር። እየዞረች የምታጽናናቸውና ወደ ምርመራው የምታመላልሳቸው ጥቁር ነርስ ነበረች። ሰዎቹም አምነዋት ነበር።

የጣቱ መሣሪያ በእኛም ሐኪም ቤቶች ይገኛል። ስለዚህ ዘመድ ለማስታመም የምትሄዱ ሁሉ፥ በሽተኛው «ትንፋሽ አጠረኝ» ካለ፥ ቁጥሩ ደኅና ቢመስልም ነርሷን ለመጥራት አትፈሩ። ነርሶቻችንም ቁጥሩን ብቻ አይተው እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ።