በእናት ስም የተጠራው ካምፕ
(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ላወጋችሁ የተነሳሁት ስለ አሽራፍ ረቢዒ ነው። የዛንጃን ልጅ ናት፤ ቴህራን አርያሜህር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ተማረች። የሙጃሂዲን ኻልቅ አባል ሆና ሻሁን ስትታገል ታሰረች። በ1979 (እ.ኤ.አ.) አብዮቱ ሲፈነዳ ተፈታች፤ የድርጅቱን መሪ መስዑድ ራጃቪንም አገባች።

ምን ዋጋ አለው! ሻሁ ሄደ፣ ሙላዎቹ መጡ። በ1981 ድርጅቱ ነፍጥ አነሳ። ባል ፓሪስ ገባ፣ እሷ ቴህራን ቀረች። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1982 የተደበቀችበት ቤት ተከበበና ከሙሳ ኺያባኒ ጋር ተገደለች። ጨቅላ ልጇን የኤቪን እስር ቤቱ ላጄቫርዲ ታቅፎ በቴሌቪዥን አሳየው። ጭካኔ ከዚህ ወዲያ አለ?

በ1986 ድርጅቱ በሳዳም ጥላ ሥር ኢራቅ ገባ፤ ካምፑንም በስሟ “አሽራፍ” አለው። እዚያ ሴቶች ታንክ ነዱ፣ ጦር አዘዙ። ይሁንና ባለትዳሮች እንዲፋቱ ታዘዘ። በ1991 ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሳቢያ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው ወደ ውጭ ተላኩ። በ2003 አሜሪካኖች ትጥቅ አስፈቱ፤ በ2016 የቀሩት አልባኒያ ገቡ።

ልብ በሉ ወገኖቼ! የአሽራፍን ልጅ መታያ ያደረገው አገዛዙ ነው። የሌሎቹን እናቶች ጎጆ ያፈረሰው ግን የራሳቸው ድርጅት ነው። ነፃ አወጣችኋለሁ የሚል ሁሉ ገና በረሃ ሳለ ጓዳችሁን ካዘዘ፣ ቤተ መንግሥት ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው? ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ክህደት አይደለም።