ዋጋው ተለይቶ የማይጠየቅ ዕቃ፦ የፊደላችን ሶፍትዌርና ገበያው

በእንጅባራ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



ዳንግላ ገበያ ስልክ የሚገዛ ሰው በስልኩ ዋጋ ይከራከራል እንጂ በውስጡ ስላለው የአማርኛ መጻፊያ አይጠይቅም። መጻፊያውን የሠራው ባለሙያ ደንበኛው ስልክ ገዥው ሳይሆን አምራቹ ነው። ንግግሬም ስለዚህ ግንኙነት ነው።

እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ራሳቸውን ችለው ይሸጡ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ የፊደል ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ለተጠቃሚው መከራ፣ ለሻጩ ግን ደንበኛ ማቆያ አጥር ነበር። (እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ተቀድቶ የመጣውን ነበር።) በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ መጣ። መጻፊያን ለብቻው የመግዣው ምክንያት ከዚያ ወዲህ ሳሳ።

አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚሰራጭበት የኦፕን ፎንት ፈቃድም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ፎንቱ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ተጣምሮ እንዲሸጥ ይፈቅዳል፣ ለብቻው መሸጡን ግን ይከለክላል። አምራች ያለ ክፍያ ከሚያገኘው ነገር ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም።

ታዲያ ለእናንተ ምን ቀረ? ለአገው ቋንቋዎች የአፍንጫ ድምፅ የሚያገለግለው ‹ጘ› በዩኒኮድ ቦታ አለው። ፊደሉን ማሳየት ግን ቃል መጠቆም፣ ግድፈት ማረም አይደለም። አዊኛ በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል፤ እንዲህ ያለ መጻፊያ ብትሠሩ ፈላጊ አለው።

ስልክ ገጣጣሚው ‹100,000 ብር በአንድ ጊዜ ልክፈል› ቢላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። በአንድ ስልክ 2 ብር ብትጠይቁ፣ 50,000 ስልክ ሲሸጥ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው የእናንተ ነው። ነገር ግን ስልኩን የሚቆጥረው እርሱ ነው። እኔ በወጣትነቴ በፈረምሁት ውል የሽያጭ መዝገቡን የማየት መብት አላስገባሁም፤ የተላከልኝን ቁጥር ተቀብዬ ዝም ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል፤ ስለ እናንተ ግን አይደራደርም።

‹ለሌላ አልሸጥም› ብላችሁ የምትፈርሙ ከሆነም የጊዜ ገደብ አስገቡ፤ ያ ስልክ ከገበያ ሲወጣ መጻፊያችሁ አብሮት እንዳይቀበር። የናሙና ውሉ በእጃችሁ አለ፤ ከአንቀጽ 4 እንጀምር።