ዶሮን በግቢ ለቅቆ ስለ ማርባትና ስለ ጥበቃው፤ በሲሪንቃ ላሉ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ

በሀብሩ ወረዳ፥ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ባለችው በሲሪንቃና በዙሪያዋ ዶሮ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሽማግሎች ስለ በሬና ስለ ላም ተቀምጠው ሲመክሩ፥ ስለ ዶሮ የሚመክር አይገኝም፤ የሴቶችና የልጆች ነገር ነው ተብሎ ይታለፋልና። ነገር ግን ጨውና በርበሬ የሚገዛው፥ የተማሪው ደብተርና እርሳስ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዕንቍላል ዋጋ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለሽማግሌም ለመምህርም የሚገባ ነው።

ዶሮ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝበር በሚባለው ጥንታዊ ስፍራ ሊቃውንት ቈፍረው ያገኙት የዶሮ ዐፅም፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ የነበረ መሆኑ ታውቋል፤ ይህም የአክሱም መንግሥት ገና ሳይነሣ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን በሰው ደጅ የኖረች ፍጥረት፥ ደጁን ከማንም ይልቅ ብታውቀው አያስደንቅም።

ማለዳ በሩ ሲከፈት ከቆጧ ወርዳ ወደ ፍግ ክምር ትሄዳለች። በእግሯ እየጫረች ትሉን፥ ምስጡንና የዝንብ ዕጩን ትለቅማለች፤ ከብቱ በተኛበት መዥገር ታነሣለች፤ አዝመራ በተሰበሰበ ጊዜ ደግሞ በአውድማው የቀረውን ማሽላና ጤፍ ሰው ሊያነሣው የማይችለውን ፍሬ ለቅማ ወደ ዕንቍላል ትለውጠዋለች። የዕንቍላሏ አስኳል ደምቆ ቢጫ የሚሆነውም ለምለም ሣር ከመብላቷ የተነሣ ነው። ፀሓይ ሲበረታ በዐመድና በደቃቅ ዐፈር ተንከባልላ ቅማሏን ታራግፋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቲቱ አንድ ሳንቲም አታወጣም።

አውራ ዶሮውን ተቀምጦ የተመለከተ ሽማግሌም ደስ የሚያሰኝ ነገር ያያል። ጥሬ ሲያገኝ እርሱ ሳይበላ እያነሣ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል። እርግጥ ነው፥ አንዳንዱ ምንም ሳያገኝ ጠርቶ የሚያታልል አለ፤ ነገር ግን ሴቶቹ ቈይተው ይህን ያውቁበትና መምጣት ይተዋሉ።

የሀገሩ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቍላል ያህል ትጥላለች። ከውጭ የመጣው ዘር ከ200 በላይ ይጥላል፤ ስለዚህ የሀገሩን የሚንቁ አሉ። ነገር ግን ያ ዘር ሙሉ ቀለብ ይሻል፥ መታቀፍንም ከሞላ ጐደል ትቶታል። የሀገሯ ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ፈልፍላ፥ ጭልፊት ሲያንዣብብ በጩኸት አስጠንቅቃ ልጆቿን በክንፏ ትሸሽጋለች። ቀለብ መግዛት ለማይችል ቤት እርሷ ትሻላለች።

ሆኖም መልቀቅ ማለት መጣል አይደለም። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። በቀን ጭልፊትና ቁራ፥ በሌሊት ሸለምጥማጥና ድመት ይወስዷቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቲቱን ከነልጆቿ ከሰፊ ቅርጫት በታች ማዋል፥ የተሰነጠቀ ማሽላና ንጹሕ ውሃ በገል ማቅረብ ይገባል። ሲለቀቁም ሮጠው የሚገቡበት ዝቅ ያለ ቍጥቋጦ ወይም የእሾህ ክምር በግቢው ይኑር፤ ባዶ ሜዳ ለጭልፊት ማዕድ ነው።

የማደሪያዋም ነገር መታሰብ አለበት። ሸለምጥማጥ ስለሚፈራ ብዙ ሰው ዶሮውን ከልጆቹ ጋራ በአንድ ቤት ያሳድራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የገጠር ቤቶች ታትሞ የወጣ ጥናት፥ ዶሮ ባለበት ቤት ያሉ ሕፃናት በቁመት የተሻሉ ሆነው ሳሉ፥ ዶሮው ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድር ሲሆን ግን ይህ ጥቅም እንደሚጐድል አሳይቷል። የሚዳክረው ሕፃን ኩሱን ነክቶ እጁን ወደ አፉ ያገባልና። ከቤቱ ግድግዳ ጋራ ተያይዞ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ፥ በሩ አጥብቆ የሚዘጋ ትንሽ የዶሮ ቤት ሁለቱንም ክፉ ያስቀራል።

በዘር ወራት ጠብ ይነሣል። የአንዱ ዶሮ የሌላውን ጤፍ ዘር ለቅማ ሁለት ጎረቤት በሽማግሌ ፊት የሚቆሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዘሩ ከተዘራ ጀምሮ በቅሎ ሥር እስኪይዝ ድረስ ዶሮን ሁሉ ለመዝጋት መንደሩ አስቀድሞ ቢስማማ ካሣ ከመቍረጥ ይቀላል። በተባይ መድኃኒት የታሸ ዘር ሲሆንማ ለዶሮይቱም፥ ዕንቍላሏንና ሥጋዋን ለሚበላውም ሰው አደጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ፈንግል ነው። በውጭ ሀገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ ሀገር በኒውካስል ከተማ ስለ ታወቀ፥ ሐኪሞች በከተማይቱ ስም ይጠሩታል። በዐይን በማይታይ ቫይረስ ይመጣል፤ በትንፋሽ፥ በኩስ፥ በቅርጫት፥ በሰው ጫማም ይተላለፋል። የያዛት ዶሮ ላባዋን አንጨፍራ ትቆዝማለች፥ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፥ አረንጓዴ ታስቀምጣለች፥ አንገቷም ይጠመዘዛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ይቀራል። ከያዛት በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ሁለቱ ሲሞቱበት የቀሩትን ሳይሞቱ ልሽጥ ብሎ ወደ ገበያ ያወርዳል። ገዢውም ወደ መንደሩ ይዞት ይገባል። ድኻ ሴት ያላትን ለማዳን ብታደርገው ክፉ ሰው ናት አይባልም፤ ዳሩ ግን በሽታው ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዘው በዚህ ነው። ሽማግሎች ሊመክሩበት የሚገባው ይህ ነው፤ በሽታ ከገባበት ቤት ዶሮ ወደ ገበያ እንዳይወጣ፥ የሞተውም ወደ ገደል ሳይጣል ጠልቆ እንዲቀበር፥ ዶሮ ያለቀባትም ሴት በሽታው ካለፈ በኋላ ከጎረቤት በርቢ አንዲት ቄብ እንድታገኝ ይስማሙ። ከገበያ የተገዛም ዶሮ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ።

መከላከያው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ ባለው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪምም ጊዜውንና ድጋሚውን ይነግራል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም አይቈይም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ልታስከፍተው አትችልም። ስለዚህ ሽማግሎች ክረምት ሳይገባ አንድ ቀን ይወስኑ፤ መምህሩም ተማሪዎቹ የየቤታቸውን ዶሮ ቈጥረው እንዲያመጡ አድርጎ ቍጥሩን ለሐኪሙ ይላክ። በቀኑም ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ በጨለማ ይያዙ፤ አንዴ ከተለቀቁ በኋላ ልጆቹ በየጓሮው ሲያባርሩ ይረፍዳልና። በዐይን በሚሰጠው ክትባት ለእያንዳንዷ አንድ ጠብታ ይደረጋል፤ ዐይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ትያዝና ወዲያው ወደ ፍግ ክምሯ ትለቀቃለች።