ለውጭ አገር ትምህርት የሚነሡ ልጆቻችንና የሰበካችን ድርሻ

(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚያስብ ወጣት ከኤምባሲ ደጅ አስቀድሞ የእናንተን ደጅ ይረግጣል። የክርስትና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የንስሐ አባቱን ያማክራል። ወላጆቹም በሬያቸውን ሸጠው፣ መሬታቸውን አከራይተው ሊልኩት ሲያስቡ ምክር የሚሹት ከእናንተ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ።

የመጀመሪያው የሰነድ ጉዳይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተወለዱ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። አንደኛው መስከረም 17 ቢወለድ ልደቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2006 ነው፤ ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 ቢወለድ ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 2007 ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ጊዜ ሰባት፣ ሌላ ጊዜ ስምንት ዓመት በመሆኑ በግምት የተጻፈ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል፤ የተጋጨ ሰነድም ጥርጣሬን ይወልዳል። ስለዚህ ደብሩ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ዘመኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይለይ። የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም ሁለቱም ይስፈሩ፤ ወልደ ሚካኤል ተብሎ የተጠመቀው ልጅ በትምህርት ማስረጃው ላይ ዳዊት ቢባል፣ አንድ ሰው መሆኑን የሩቅ አገር ሰው ሊያውቅ አይችልም። ዕድሜ እንዲቀነስለት ወይም ያላገለገለው አገልግሎት እንዲጻፍለት የሚለምን ቢመጣ ግን እንቢ ማለት ይገባል። ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ ልጁ ዕድሉን፣ የደብሩ ማኅተም ደግሞ አመኔታውን ያጣል።

ሁለተኛው የስንቅ ጉዳይ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር አስተምሯል። የመግቢያ ደብዳቤ ቪዛ አይደለም፤ ቪዛም ስንቅ አይደለም። ለምሳሌ ጀርመን የተማሪ ቪዛ ለሚጠይቅና ሌላ ዋስትና ለሌለው ሰው ከሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ለአንድ ዓመት መኖሪያ እንዲያስቀምጥ ደንግጋለች። በአሜሪካም በተለመደው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። «ሠርቶ ይከፍላል» የሚለው ተስፋ በዚህ ልክ ይመዘን።

በዚህ መካከል ደላላ ይገባል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግም ሆነ የጀርመኑ ዳአድ ለነፃ ትምህርት ማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ክፍያው ግን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይፈጸማል እንጂ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አይገባም። ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ተማሪው ራሱ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ፈልጎ ይጠይቅ፤ በደላላው ወረቀት ላይ በተጻፈው ስልክ አይመን።

ሦስተኛው ከጉዞው በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ተማሪው በሄደ ማግሥት ቤተሰብ ገንዘብ ከጠበቀ፣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ይገባል። ወላጆችን በዚህ ላይ መምከር የካህናት ድርሻ ነው። ልጁም የሚሄድበት ከተማ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ከመነሣቱ በፊት ይወቅ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር አይለያይ። የነፃ ትምህርቱን ውል እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ቺቭኒንግ ተማሪው ሲጨርስ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳልና።

ቪዛ የተከለከለውንም አንርሳ። በኀፍረት ከሰው የሚሸሸግ፣ ከጉባኤ የሚቀር ወጣት አለ። በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ከማንም እንደማያንስ ከዐውደ ምሕረቱ ይነገረው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በትምህርት የበሰለ አንድ አባል ይመድብ። በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ደብዳቤው በዚያ አባል ይታይ። ይህ ወጪ የለውም፤ የአንድ ቤተሰብን ጥሪት ግን ያድናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።