ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የከተማ አስተዳደር



የከተማ አስተዳደር ዋና ተግባር የነዋሪውን ጊዜና መብት መጠበቅ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሊመዘን የሚገባው በእነዚሁ በሁለቱ ነው።

ስለ ጊዜ የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ምስክር ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራ ሥርዓት በኢስት ሊበርቲ ሰፈር በ9 መስቀለኛ መንገዶች ላይ ተተከለ። የትራፊክ መብራቶቹ አስቀድሞ በተወሰነላቸው ሰዓት መለዋወጣቸው ቀርቶ፣ የሚመጡትን ተሽከርካሪዎች በካሜራ እየቆጠሩ ተራ ይደለድሉ፣ ለጎረቤት መስቀለኛ መንገድም ያስታውቁ ጀመር። በሙከራው የጉዞ ጊዜ በ25 በመቶ፣ ቆሞ የመጠበቂያው ጊዜ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ስለ መብት ግን የኔዘርላንድዋ ሮተርዳም ማስጠንቀቂያ ናት። ከተማዪቱ ከድጎማ ተቀባዮች መካከል ማን ሊያጭበረብር እንደሚችል ለመገመት በተጠቀመችበት መሣሪያ፣ የቋንቋ ችሎታ፣ ዕድሜና ጾታ ሳይቀሩ ነጥብ ይሰጥባቸው ነበር። ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰው ለምርመራ ሲጠራ፣ ነጥቡ ከምን እንደ መጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ2021 እ.ኤ.አ. የከተማዪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት የአሠራሩን ጉድለት አመለከተ፤ በዚያው ዓመትም መሣሪያው ከሥራ ታገደ።

ሁለቱን ከተሞች የለያቸው የመሣሪያው ረቂቅነት ሳይሆን የተሰጠው ሥልጣን ነው። አንደኛው መኪና ይቆጥራል፤ ሌላው በሰው ላይ ይፈርዳል። የመብራት ስሕተት በሚቀጥለው ተራ ይታረማል፤ በሰው ላይ የተፈረደ ስሕተት ግን ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ ቆጠራው ለመሣሪያው ይሰጥ፤ ውሳኔው ግን ስሙና ፊርማው በሚታወቅ፣ ይግባኝ ሊባልበት በሚቻል ሹም እጅ ይቆይ።