የአንጎል መስኖ

በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ አድማጮች፣ እኔ የነርቭ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርሳት ነው።

«እናታችን ጃጅታለች» ይላሉ ልጆች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የደጇ መንገድ ጠፍቷት ጎረቤት ግቢ ትገባለች። ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምራለች። የልጅ ልጇን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራለች። ቤተሰቡም «ዕድሜ ነው» ብሎ ይተወዋል። ያረጀ ሰው ስም ቶሎ ላይመጣለት ይችላል፤ ቆይቶ ግን ይመጣለታል። አርባ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ መጥፋት ግን በሽታ ነው። በሽታ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ፦ «በሬውን ሸጠን፣ አዲስ አበባ ወስደን ጭንቅላቷን በመሣሪያ ብናስነሳትስ?» ስለ መሣሪያው ልንገራችሁና በሬው ይሸጥ አይሸጥ አብረን እናያለን።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልብ ከምትረጨው ደም ግን 15 በመቶ ያህሉን፣ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። መቶ ግራም የአንጎል ክፍል በየደቂቃው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል፤ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። ይህን በሰው ላይ መለካት የቻሉት ሲይሞር ኬቲና ካርል ሽሚት የተባሉ አሜሪካውያን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር። ደሙ ወደ 20 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ያ ክፍል ሥራ ያቆማል፤ ከ10 በታች ሲሆን ይሞታል።

መስኖ ያላችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የውሃ አባት ተራውን አይቶ ውሃውን ወደ አንዱ ማሳ ይመልሳል። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ ስታወሩ የንግግሩ ክፍል፣ ስታዩ የዕይታው ክፍል ብዙ ደም ይስባል። አንድ ማሳ ውሃ ካልደረሰው ግን ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ቦዩ ተደፍኗል፣ ወይ ሰብሉ ደርቆ ውሃ የሚፈልግ ነገር የለም። አብዛኛው ስትሮክ የመጀመሪያው ነው። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ በዋናነት ሁለተኛው ነው፤ ሴሎቹ ስለሚሞቱ ደሙም ይቀንሳል።

ይህን የሚያሳየው አንዱ ምርመራ ስፔክት ይባላል። ታማሚው ጸጥ ባለ፣ ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ጋደም ይላል። ክንዱ ላይ መርፌ ቀድሞ ይገባለታል፤ ማንም አያናግረውም። ከዚያ ጥቂት ጨረር ያለው ቴክኒሺየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት መድኃኒት ይወጋል። መድኃኒቱ በደቂቃ ውስጥ ደሙ ወደሄደበት የአንጎል ክፍል ሄዶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ካሜራው በጭንቅላቱ ዙሪያ እየዞረ ምስሉን የሚያነሳው ቆይቶ ቢሆንም፣ ምስሉ የሚያሳየው መርፌው የተወጋባትን ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ሰው ቢያስደነግጠው ምስሉም ይለወጣል።

ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል። መኪና ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሳይደርስ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያጣል ማለት ነው። የሚመነጭበት ሞሊብዲነምም በ66 ሰዓት ይጋመሳል፤ በአገራችን የኑክሌር ማብላያ ስለሌለም ከውጭ ይመጣል። የዚህ ዓይነት ሕክምና በኢትዮጵያ በዋናነት የሚታወቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ወረዳ ድረስ ያልመጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ምስሉ ምን ይናገራል? ከጆሮ በላይና ወደ ኋላ ባለው ክፍል ደም ከቀነሰ አልዛይመር ይጠረጠራል። ግንባር አካባቢ ከሆነ፣ ጠባይ የሚለውጠው፣ ጨዋውን ሰው ይሉኝታ የሚያሳጣው የመርሳት በሽታ ዓይነት ይጠረጠራል። በጭንቅላት የኋላ ጫፍ ከሆነ ደግሞ የሌለ ሰውና እንስሳ የሚያሳየው ሌዊ ቦዲ የሚባለው ሊሆን ይችላል። የዚህ ሕመምተኛ ቤተሰብ የመንፈስ ጣጣ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጠበሉን አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። ለዚህ በሽታ አንዳንድ የማረጋጊያ መድኃኒት ክፉኛ ጎጂ ነውና፣ ዓይነቱን መለየት ሕይወት ያድናል።

ግን ምስል ብቻውን አይፈርድም። ድባቴም የግንባርን ደም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ በሬው ከመሸጡ በፊት የሚቀድም ነገር አለ።

አንድ የስማዳ አባት ከበቅሎ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ እንበል። ሳምንታት አለፉ፤ ቁስሉ ዳነ፤ ውድቀቱም ተረሳ። ከዚያ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ መርሳት ይመጣል። ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት ስፔክት አያስፈልግም፤ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚገኘው ሲቲ ስካን ይበቃል። በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ብዙዎች ወደ ልባቸው ይመለሳሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የአረቄ ብዛት፣ ያልታከመ ቂጥኝም እንዲሁ መርሳት ያመጣሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ። የደም ግፊት ደግሞ የአንጎልን ቀጫጭን ቦዮች ዝም ብሎ ይደፍናል። ግፊት መለኪያ ጤና ጣቢያ አለ።

የመርሳት ምርመራ ፊደል መቁጠርን አይጠይቅም። በግ፣ ሙቀጫ፣ ብር ብለን ሦስት ቃል ነግረን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰን እንጠይቃለን። ዛሬ የትኛው ቅዱስ እንደሚታሰብ እንጠይቃለን። ታንዛኒያ ውስጥ ለአፍሪካ አረጋውያን የተዘጋጀ መመርመሪያ የክብሪት እንጨት በማስደርደር ይፈትናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናንተ ቃል ነው። መርሳቱ መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ወድቃ ታውቃለች? ምን መድኃኒት ትወስዳለች? ሐኪሙ ምስል ቢያዝ እንኳ ትርጉም የሚሰጠው ከዚህ ቃል ጋር ሲነበብ ነው። እናታችሁን ስታመጡ አብሯት የሚውለው ሰው ይምጣ፤ የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ግፊቷንም ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ በዚህ ሳምንት አስለኩላት።